ከእጅሽ እንዳይወጣ

ልጃችን ኮሌጅ በገባችበት ዓመት እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አገር ቤት ያልሆነ ዕረፍት ወጣን፤ ወደ ባንኮክ። እኔ ዴንቨር ውስጥ ታክሲ ስነዳ፣ እሷ ሆስፒታል ስትሠራ በኖርንባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ፈቃድ ባገኘን ቁጥር የምንሄደው ቤተሰብ ለመጠየቅ ነበር።

ከመሄዳችን በፊት ልጃችን ኦሮራ ከተማ ባለው ቤታችን ሳሎን ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ ያነበበችውን ነገረችን። «ዳድ፣ ፓስፖርት ሆቴሉ ሴፍ ሳጥን ውስጥ ሎክ አድርጉት። ቦርሳ ደግሞ በመንገዱ በኩል አትያዙ፣ ኦኬ? በሞተር እየመጡ ስናች ያደርጋሉ፤ ነጥቀው ይሄዳሉ።»

«ስለ ሌባ እኔን ነው የምታስተምሪው?» አልኳት።

እሷ ስትወጣ ባለቤቴን «ፓስፖርት ለሆቴል አይታመንም። ቦርሳሽ ውስጥ ይሁን፤ ምንም ቢመጣ ከእጅሽ እንዳይወጣ» አልኳት። በስደት ዘመኔ ወረቀት የጠፋበት ሰው ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። ፍርሃቱ ከኔ ጋር አሜሪካ ገብቶ ዜጋ ሆኗል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስንመለስ የእግረኛ መንገዱ ጠባብ ስለነበር እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ነበርን። የሞተሩን ድምፅና ጩኸቷን እኩል ሰማሁ። ዞር ስል ሁለት ሰው የጫነ ሞተር ባለቤቴን በቦርሳዋ ማንገቻ አስፋልቱ ላይ እየጎተታት ነው።

«ልቀቂው!» ብዬ ጮህኩ።

አልለቀቀችም። ማንገቻው ተበጥሶ ሞተሩ ሲፈተለክ ቦርሳው ደረቷ ሥር ቀረ።

እዚያው ዳር ፍራፍሬ የሚሸጡ አሮጊት ጃንጥላቸውን ነቅለው መጡና አምቡላንስ እስኪደርስ ከፀሐይ ከለሏት። በቋንቋ አልተግባባንም። ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ እየጠረጉ የሆነ ነገር ያንሾካሹኩላት ነበር።

ሆስፒታል ትከሻዋ መሰበሩን ነገሩን።

«ምነው ብትለቂው?» አልኳት አልጋዋ አጠገብ ሆኜ።

«አንተ አይደለህ እንዳይወጣ ያልከኝ?»

ድምጿ ላይ ቁጣ አልነበረም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ከተመለስን በኋላ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሊጠይቋት ሲመጡ እኔ የሌቦቹን ጭካኔ አወራለሁ። እንግዳው ከንፈሩን ይመጥጣል። ባለቤቴ አንድም ቀን አላረመችኝም፤ ዓይኗን መሬት ላይ ትተክላለች እንጂ።

ከወራት በኋላ እዚሁ ዴንቨር አጠገብ ግሌንዴል የሚኖሩ ባልና ሚስት ወደ ባንኮክ ሊሄዱ ሲሉ ምክር ፈልገው መጡ። እንደ ልማዴ ስለ ሌቦቹ ጀመርኩ። ግን ሚስትየው ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጭኗ ላይ ይዛ ስታዳምጠኝ ሳይ ወሬውን አቆምኩ።

«ፓስፖርታችሁን ሆቴል ቆልፉበት» አልኩ። «ቦርሳ በግድግዳው በኩል ያዙ። ከጎተቷችሁ ደግሞ ልቀቁ፤ ይውሰዱት። እኔ ለሚስቴ ከእጅሽ እንዳይወጣ ብያት ነበር። ልጄም አስጠንቅቃኝ አልሰማኋትም። የሚስቴን ትከሻ የሰበረው ሌባው ብቻ አይደለም።»

ባልየው ጉሮሮውን ጠረገ።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ባለቤቴ «ይህን ከአፍህ እስክሰማ ስንት ወር ጠበቅኩ» አለችኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። ሹራቧን እንዳወልቅላት ወደ እኔ ዞረች። የተጎዳው ክንዷ እስከ ዛሬ ከትከሻዋ በላይ አይነሳም።