የቢሻው ሻወርና የእማሆይ ጎታ

እስቲ ይህን ቀዳዳ እዩት። ሰው ጎንበስ ብሎ ያልፍበታል። በወዲያ በኩል ዙሪያው ነጭ ሴራሚክ ነው፤ በወዲህ በኩል ጭድና ጭቃ። መሃል ላይ አንድ የሻወር ቧንቧ ተንጠልጥሏል፤ እጀታው ሁለት ነበር፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ቀዩ አሁን የለም። ሴራሚኩ የእህል ነጋዴው የቢሻው ነው፤ ጭቃው የጎረቤቱ የእማሆይ ወለተ ሚካኤል።

ቢሻው ከእስቴ ገጠር አህያ እየነዳ መካነ ኢየሱስ ከተማ የገባ ሰው ነው። በዚህ አልንቀውም፤ አህያ መንዳት ነውር አይደለም። የምንቀው ቤት ሲሠራ ለሳሎኑ ድንጋይ አስጠርቦ፣ መታጠቢያው ላይ ሲደርስ ለድንጋዩ ሳስቶ ሴራሚኩን በእማሆይ የጭቃ ግድግዳ ላይ ስለለጠፈ ነው። ከዚያ በኋላ እንግዳ ሲመጣ ወንበር ሳይሰጥ ሻወር ያሳይ ነበር።

«ቀዩ የሙቅ ነው።»

«ሙቅ ውሃ ይመጣል እንዴ?»

«መስመሩ ዝግጁ ነው!»

የምን መስመር! ሁለቱም እጀታ የሚቀዳው ጣሪያ ላይ ከተሰቀለው ከዚያው ከአንዱ ሮቶ ነው።

ኅዳር ላይ ቀዩ ማንጠባጠብ ጀመረ። ቢሻው በእጁ አጠበቀው፤ እምቢ አለ። በፒንሳ አንቆ ጠመዘዘው። ለምን እንደሚያፈስ ከመጠየቅ ማነቅ ይቀለዋል። ሲጠመዝዘው ግድግዳው ውስጥ ያለው መጋጠሚያ ላላ፤ ውሃው ፊት ለፊት መንጠባጠቡን ቀነሰና በስተኋላ ይሰርግ ጀመር። ቢሻው ግን «አሸነፍሁት» ብሎ ወጣ።

እማሆይ የዓመት ጤፋቸውን የሚያኖሩት እዚያው ግድግዳ ጥግ በቆመ ጎታ ነው። ጎታም ያው ጭቃ ነው። ታኅሣሥ ላይ መጡ።

«አንተ ቢሻው፣ ግድግዳዬን እያላበው ነው።»

«ጤዛ ይሆናል፣ እማሆይ።»

«ጤዛ ከመቼ ወዲህ ነው ቤት ውስጥ የሚወርደው? ይልቅ ያንን መታጠቢያህን እየው። ጎታዬ ከሥሩ ከራሰ ዓመቱን ምን ልበላ ነው?»

«አበጀዋለሁ። ዛሬ ግን ገብርኤል ነው፤ በበዓል ብረት አልነካም።»

የዚያኑ ዕለት ሱቁን ከፍቶ ጤፍ ሲመዝን ዋለ። ሚዛኑ የእንጨት ነው መሰለኝ።

አላወቀም እንዳትሉኝ። የቧንቧ ዕቃ የሚሸጠው አዩብ በግልጽ ነግሮታል፦ «ጋሼ ቢሻው፣ መጀመሪያ ከሮቶው የሚወርደውን ይዝጉት። ከዚያ እጀታውን ፈተው ውስጡ ያለችውን ጎሚኒ ይቀይሩ። ግድግዳው ውስጥም ከላላ ሴራሚኩን ሰብሮ ማየት ነው።»

«ሴራሚኬን? ራስህን ስበር!»

ጎሚኒ ማለት ጥፍር የምታክል ክብ ጎማ ናት። ቢሻው ገዛና ኪሱ ከተታት። ገና መጣ፣ ሥላሴ መጣ፣ ጥምቀት መጣ፤ ጎሚኒዋ በዓሉን ሁሉ ኪስ ውስጥ ሆና አከበረች። በመሃል የሥራ ቀን አልጠፋም፤ ያን ቀን ደግሞ ገበያ ነው።

በአስተርዮ ማርያም ዕለት እማሆይ ጎታቸውን ሲዳስሱ ጣታቸው ወደ ውስጥ ገባ። የቢሻውን የንስሐ አባት ቄስ አበጀን ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቀው ይዘዋቸው መጡ።

«ዛሬማ ማርያም ናት፣ አባ» አለ ቢሻው፣ ነጠላውን እያስተካከለ።

«በሬህ በበዓል ገደል ቢገባ አታወጣም?»

«በሬዬ ከሆነማ አወጣለሁ።»

«የእኒህ ሴት እህልስ?»

«እሱማ የእኔ አይደል።»

ይህን ሲል ዓይኑን አላሸም።

«ተነሥ!» አሉት ቄሱ። «ኀጢአቱ በእኔ ይሁን።»

ተነሣ፤ ጎረቤቱ በር ላይ ተሰብስቦ ስላየው እንጂ ለጎታው አዝኖ አይደለም። ቁጣው በልጦበት ከላይ መዝጋቱን ረሳ። ቀዩን እጀታ በፒንሳ ይዞ ገነጠለው። ሮቶው ሙሉ ነበርና ውሃው ደረቱን መታው፤ በኋላ በኩልም የላላው መጋጠሚያ ተላቀቀ። ሮሮውን ለማርያም እያሰማ ወደ ጓሮ ሮጦ ከሮቶው የሚወርደውን እስኪዘጋ ድረስ ውሃው በግድግዳው ሆድ ወረደ። ሲራስ የከረመው ጭቃ በአንድ ጊዜ ተናደ፤ ጎታውንም ይዞት ወደቀ። ጤፉ ከጭቃው ጋር ተለወሰ።

አሁን ቢሻው ምን እያለ እንደሚዞር ታውቃላችሁ? «የማርያምን በዓል ሽሬ ነው የተቀሠፍሁት። እኔ ብያለሁ፤ ቄሱ ናቸው ያሳሳቱኝ።» ራሱን እየነቀነቀ «እውነትህን ነው» የሚለውም አላነሰም። እመቤታችን የአሮጊት ጤፍ የምትደፋ ይመስላቸዋል! ተቀሠፍሁ የሚለው እርሱ ንጹሕ እንጀራ ይበላል፤ የተደፋው የእማሆይ ጤፍ ነው። ጎሚኒዋ ዛሬም ኪሱ ውስጥ ናት። ግድግዳውን የሚያስጠግነው «በዓሉ ሲያልፍ» ነው።

እማሆይ ከጭቃው የተረፈውን ጤፍ ሰሌን ላይ አስጥተው ዶሮ ሲያባርሩ ይውላሉ። ወገባቸው እምቢ ስላላቸው ቶሎ ቶሎ ማገላበጥ አይችሉም፤ ካልተገላበጠ ደግሞ ይሻግታል።

ስለዚህ በዚህ በኩል ስታልፉ ቢሻው «ግቡ፣ ቀዳዳውን ላሳያችሁ» ብሎ ቢጠራችሁ አትግቡለት። ዞራችሁ በእማሆይ በር ግቡና፣ እባካችሁ፣ ያንን ጤፍ አገላብጡላቸው።