ደባሱ ሁሉን ይችላል

ደባሱ አዝመራው የማይችለው ነገር አልነበረም። ይህን የሚለው እሱ ራሱ ነው፤ ሌላ ምስክር እስካሁን አልተገኘለትም።

የተወለደው ብልባላ አጠገብ ካለች አንዲት ቀበሌ ነው። ዜማ እንዲማር ላሊበላ ተልኮ ከአባ ሀብተ ሥላሴ ዘንድ ሁለት ዓመት ተቀመጠ፤ ከዚያ ትምህርቱን አቋረጠ። ለምን ተውከው ሲሉት «ችዬዋለሁ» ይል ነበር። አባ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ «ከትምህርቱ የቻለው መንቃቱን ነው፣ እሱም ለእራት ጊዜ» ይሉ ነበር። ደባሱ ከዚያ በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የቱሪስት ጫማ ጠባቂ ሆነ። እንግሊዝኛውንም የለቀመው እዚያው ጫማ ሲጠብቅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ጫማውን ትቶ ባለጫማውን መምራት ጀመረ።

በ1999 ዓ.ም. ለከተማው አስጎብኚዎች የሦስት ቀን የአቅም ግንባታ ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ በትልቅ ወረቀት ላይ «እንችላለን» ብሎ ጻፈና ሁሉም ተነሥቶ ሦስት ጊዜ እንዲል አደረገ። ከሁሉ የበለጠ የጮኸው ደባሱ ነበር። ሌላው ሰው ከሥልጠናው አበሉን ይዞ ሲወጣ፣ ደባሱ አበሉንም አንድ ቃልም ይዞ ወጣ። ቃሉ የ«እንችላለን» እንግሊዝኛ የሆነው «ካን» ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲናገር ሌላ ረዳት ቃል ከአፉ አልወጣም።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆም ያስፈልጋል፤ ነገሩ እጅግ ደስ የሚል ነውና። እንግሊዝኛ መቻልንና ይሆናል ማለትን የሚለይባቸው ጥቂት ትንንሽ ቃላት አሉት። ሰውየው ጉልበቱም ዕውቀቱም ካለው «ካን» ይባላል። ድሮ ችሎ ዛሬ ካልቻለ «ኩድ» ይሆናል። ነገሩ ሊሆንም ላይሆንም ከቻለ «ሜይ» ይመጣል፤ ተስፋው ከዚያም ከሳሳ «ማይት»። እያንዳንዷ ቃል ተናጋሪው ስለሚናገረው ነገር ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነ ትመሰክራለች። የሚገርመው ደግሞ ይህን ለመማር ደባሱ ባሕር መሻገር አያስፈልገውም ነበር። የገዛ አባቱ አቶ አዝመራው ጠዋት ከደጃቸው ቆመው ሰማዩን ያዩና «ይዘንባል» ካሉ ዘር ይወጣል። «ሳይዘንብ አይቀርም» ካሉ በሬ ይጠመዳል፣ ዘሩ ግን ከጎተራ አይወጣም። «ይዘንብ ይሆናል» ካሉ ሁሉም ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል። እኒህ ሰው አንድ ቀን እንኳ ቃሎቹን አቀያይረው ቢሆን ኖሮ ያ ቤት ጦሙን ያድር ነበር። ልጃቸው ከዚህ ሁሉ ሀብት ወደ እንግሊዝኛ ያሻገረው አንዱን ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፣ አገሩ ያስተማረው ሌላም ነገር አለ። ላስታ ውስጥ መንገደኛ «ሩቅ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «አዎ» የሚለው ሰው የለም። «ይቺው ናት፣ ደርሰሃል» ይባላል፣ ገና ሁለት ተራራ ቢቀርም። ይህ ውሸት አይደለም። የደከመን ሰው ጉልበት ላለመስበር የሚሰጥ ስንቅ ነው፤ ተቀባዩም ያውቀዋል። የአገሩ መንገደኛ «ይቺው ናት» ሲባል በልቡ ሦስት ሰዓት ይጨምርና መቀነቱን ያጠብቃል። ደባሱ ይህንኑ ደግነት በእንግሊዝኛ ለፈረንጅ ሰጠው። ፈረንጁ ደግሞ ይቺው ናት ሲባል የሚያየው ሰዓቱን ነው። የአገሩ ገበሬ ደግነቱን በነጻ እንደሚሰጥና ደባሱ እንደሚያስከፍልበት ግን መዘንጋት የለበትም።

በ2000 ዓ.ም. አዲስ ደንብ ወጣ። ከሚያዝያ ጀምሮ ባጅ የሌለው አስጎብኚ እንግዳ ይዞ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ቅጥር እንዳይገባ ተከለከለ። ባጁ የሚሰጠው በፈተና ነው፤ ፈተናውም በዓመት አንድ ጊዜ ነው። ደባሱ ከዚህ ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የለውም፤ ሚስቱ ባንቺዓለም ደግሞ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ነበር። የጽሑፉን ፈተና እንደምንም አለፈ። የቀረው አንድ እንግዳ በፈታኝ ፊት ማስጎብኘት ነው። ፈታኟ የእንግሊዝኛ መምህርቷ ኤልሳቤጥ ነበረች፤ እንግዳው አላን የሚባሉ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የሰባ ዓመት እንግሊዛዊ፤ ቦታው ከከተማው በላይ ተራራ ላይ ያለችው አሸተን ማርያም፤ ጊዜው የሁዳዴ ጾም፣ ረቡዕ ቀን።

አላን ገና ከከተማው ሳይወጡ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ነገር ጠየቁ። በዚህ ጉልበቴ ያንን ተራራ መውጣት እችላለሁ? ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ይሆን? ላይ ይበርድ ይሆን? ደባሱ ይችላሉ አላቸው፤ መግባት ይችላሉ አላቸው፤ በሸሚዝ መሄድ ይችላሉ አላቸው። ኤልሳቤጥ የመጨረሻውን ስትሰማ ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ በወረቀቷ ላይ አንድ ነገር ጻፈች።

በሁዳዴ የሥራ ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ይህን ላሊበላ ውስጥ የማያውቅ የለም። ሁለት ዓመት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት እንጀራ የበላ ሰው ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሆኖ እንኳ ያውቀዋል። ደባሱም ያውቀዋል። ግን «ካን» ካለ በኋላ የሚያውቀውን ነገር ማስታወስ ልማዱ አልነበረም።

አላን በየጥጉ እያረፉ ሰባት ሰዓት ካለፈ በኋላ ደረሱ። ቅዳሴው ገብቷል፤ በሩ ተዘግቷል፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር ሽቅብ ይነፍሳል። ከቅጥሩ ውስጥ መቋሚያቸውን ተደግፈው የተቀመጡት እነዚያው አባ ሀብተ ሥላሴ ነበሩ፤ ካረጁ ወዲህ ኑሯቸው እዚያው ተራራ ላይ ሆኗል። ደባሱ ጉልበታቸውን ስሞ እንግዳው መቼ መግባት እንደሚችሉ ጠየቃቸው።

«ገና ወንጌል አልተነበበም» አሉ አባ። «ካህናቱ ዘጠኝ ሰዓት ይወጡ ይሆናል። ቄሰ ገበዙ ግን ደክሟቸዋል፤ መስቀሉን ሳያሳዩ ሊሄዱ ይችላሉ።»

ደባሱ ወደ አላን ዞረና አምስት ደቂቃ ብቻ፣ መስቀሉንም ማየት ይችላሉ አላቸው።

«ምን አልካቸው?» አሉ አባ።

«የነገሩኝን ነው አባ።»

«እኔ ይህን ያህል ተናግሬ አንተ በሁለት ቃል ጨረስከው?»

«እንግሊዝኛ አጭር ቋንቋ ነው አባ።»

አባ ኤልሳቤጥን አዩዋት። ኤልሳቤጥ መሬት መሬቱን አየች።

አምስቱ ደቂቃ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። አላን በሸሚዛቸው እየተንቀጠቀጡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ፤ ኋላ የኤልሳቤጥን ጋቢ ለበሱ። ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሰ ገበዙ ወጡ፣ እህል ሳይቀምሱ የዋሉ ሽማግሌ ናቸው፣ በሩን ቆለፉና ቁልፉን ይዘው ሄዱ። አላን ሰዓታቸውን አዩ፤ ከዚያ ደባሱን አዩ። እሱ ነገ መምጣት ይችላሉ አላቸው።

ከቅጥሩ በር ላይ አንድ ባለበቅሎ ቆሞ ነበር። አላን በእግራቸው መውረድ ይችሉ እንደሆነ ጠየቁ። ኤልሳቤጥ ብዕሯን ያዘች። የደባሱ ዓመት በሙሉ በዚህች መልስ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ የሚጠበቅበትም ያበጠውን ጉልበት አይቶ አንድ ጊዜ መጠራጠር ብቻ ነው። ደባሱ የአላንን ጉልበት አየ። «ካን» አለ።

አላን መልሱን አልጠበቁም። ወደ አባ ዞረው በጣታቸው መጀመሪያ ጉልበታቸውን፣ ቀጥሎ ቁልቁለቱን አሳዩ። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል የማያውቁት አባ ራሳቸውን ነቀነቁና በመቋሚያቸው በቅሎዋን አመለከቱ። አላን በበቅሎ ወረዱ። በዚያ ቀን በትክክል የተመሩት ያኔ ብቻ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ኤልሳቤጥና ደባሱ ወደ ኋላ ቀርተው ተነጋገሩ።

«አላለፍክም፣ ደባሱ» አለችው።

«ምኑ ላይ ተሳሳትሁ ቲቸር? ቃሉን አላጠፋሁም።»

«ቃሉን አላጠፋህም። ሰውየውን ግን ልታጠፋቸው ነበር።»

እሱ ግን አልተቀበላትም። እኔ ይሆናል፣ ምናልባት እያልሁ ብዞር ማን ይከተለኛል፣ ፈረንጅ የሚፈልገው ልበ ሙሉ ሰው ነው ብሎ ተከራከራት። ኤልሳቤጥ የሚበርድ ከሆነ ሊበርድ ይችላል ማለት ፍርሃት እንዳልሆነ፣ ሰውየው ኮት ይዞ እንዲመጣ ማሰብ እንደሆነ በትዕግሥት አስረዳችው። ባንቺዓለም ትዝ ስላለቻት ግን ባዶውን ልትሸኘው አልፈለገችም።

«ከተማርክ የሚቀጥለው ዓመት ታልፍ ይሆናል» አለችው።

ደባሱ ከዚያ በኋላ እስከ ከተማ እያፏጨ ወረደ። ማታ ባንቺዓለም ውጤቱን ስትጠይቀው፣ ፈታኟ አለፍክ ብላኛለች፣ ባጁ ብቻ ነው ለከርሞ የተላለፈው አላት። እሷ ለእናቷ ነገረች፤ እናቷ ለጎረቤት። ቅዳሜ ገበያ ላይ እንኳን ደስ አለህ የሚለው ሰው በዛ።

ለሁሉም «አሜን» አላቸው።