የአባ መጫ ጋዲሳ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተደምሮ ተቀንሶ ምን ያህላል? ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ስማር ይህን ጥያቄ ከብዙ ሰው አፍ ሰምቼዋለሁ። መልስ የሚመስል ነገር ያየሁት ግን እዚያ ሳይሆን ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ፣ ከአባቴ ቤት ጎረቤት፣ አንድ ዋንዛ ሥር ነው። የቲጃኒ አባ መጫ ዕድሜ አንድ ጥላ ያህል ነበር። ያውም የእሱ ያልሆነች ጥላ።

አባ መጫ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ አንጋፋው ቲጃኒ፣ ታናሹ ጀማለዲን። ሽማግሌው ሊሞቱ ሰሞን ልጆቻቸውንና የሰፈሩን ትልልቅ ሰዎች ቡናው መሀል ሰብስበው መሬታቸውን አካፈሉ። ከዋንዛው በስተምዕራብ ያለው ለቲጃኒ፣ በስተምሥራቅ ያለው ለጀማለዲን። እኩል ነበር፤ ማንም ቅር አላለውም። ከዚያ ትንፋሽ ወሰዱና አንድ ነገር ጨመሩ። "ጋዲሳው የጀማለዲን ነው" አሉ። ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ።

ጋዲሳ በኦሮምኛ ጥላ ማለት ነው። ሽማግሌዎቹ ዛፉን ማለታቸው ነው አሉ፤ ድንበር ላይ የቆመ ዛፍ ባለቤት ያሻዋልና። ነገር ግን የእኛ አገር ሰው ቤተሰብ የሚሰበሰብበትን፣ የተቸገረ የሚጠለልበትን ሰውም ጋዲሳ ይለዋል። አባት ሲሞት ጋዲሳ የሚሆነው ደግሞ አንጋፋው ነው። ቲጃኒ የሰማው ይህን ነበር። አባቱ መሬቱን እኩል አካፍለው ሲያበቁ፣ የራሳቸውን ቦታ አንስተው ለታናሹ ሰጡት።

ጥላ ደግሞ እንደ መሬት አርፎ አይቀመጥም። ጠዋት ፀሐይ በጀማለዲን በኩል ስትወጣ የዋንዛው ጥላ ድንበር ተሻግሮ ቲጃኒ ቡና ላይ ይተኛል፤ ከሰዓት በኋላ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ቲጃኒ ጥላው እሱ ዘንድ ባለበት ሰዓት ቡናውን አይነካም። በለቀማ ወቅት ሰው ሁሉ ጤዛው ሳይረግፍ ቅርጫቱን ወገቡ ላይ አስሮ ሲወጣ፣ እሱ ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ ጥላውን ይጠብቃል። ጥላው ሲሻገር ይነሳል። ሚስቱ ዘይቡ መጀመሪያ ቀልድ መስሏት ነበር። በኋላ ግን ፍሬው እየረገፈ ሲያስቸግራት እሱን ደጅ አስቀምጣ ራሷ ትለቅም ጀመር። ይበልጥ ያንገበገበው ጥላው ያረፈበት ቡና ከሌላው ይልቅ መድለቡ ነው።

ጎረቤታችን ጣሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር፣ "ቲጃኒ፣ ለጥላው ሲሶ ነው እርቦ የምታገባው?" ይለዋል። ጭሰኛው ለባለመሬት በሚገብርበት በዚያ ዘመን ይህ ቀልድ አጥንት ይሰብራል። ጀማለዲን ነገሩ ሲከብደው መጥቶ ዛፉን ውሰደው አለው። ቲጃኒ ቀና ብሎም አላየው።

"አባቴ ያልሰጠኝን አንተ ልትሰጠኝ?"

በ1967 መሬት የሕዝብ ሆነ ተባለ። ዘማቾች የቡ ገበያ መሀል ቆመው አዋጁን ሲያነቡ ጭሰኛ የነበረው ሁሉ አለቀሰ፤ ዘፈነ። ከሕዝቡ መሀል ቲጃኒ እጁን አወጣና የጥላ ውርስም ቀርቷል ወይ ብሎ ጠየቀ። ዘማቹ የሩቅ አገር ልጅ ነው፤ ነገሩ አልገባውም። ጥላውም የሰፊው ሕዝብ ነው ብሎ ሳቀ፤ ሰዉም አጨበጨበ። በዚያ ዓመት ለቀማ ሲደርስ ቲጃኒ ከጤዛው ጋር ወጣ፤ እያፏጨ። ዘይቡ አልሃምዱሊላህ፣ ደርግ ባሌን አዳነልኝ ስትል እናቴ ሰምታታለች።

አልዳነም። የገበሬ ማኅበር ሲቋቋም ስብሰባው ሰፊ ጥላ ፈለገ፤ ከዚያ ዋንዛ የሚሰፋ ደግሞ አልነበረም። ለፋፊው እየዞረ፣ ነገ ጀማለዲን ዋንዛ ሥር ስብሰባ አለ ይላል። መሬቱ የሕዝብ፣ ስሙ የጀማለዲን። የተጣላ እዚያ ይታረቃል፣ የተበደለ እዚያ ይናገራል፤ ጀማለዲንም ለመጣው ሁሉ ውሃ እያቀረበ፣ ነገር እያበረደ፣ ሳያስበው የአገሩ ጋዲሳ ሆነ። ስብሰባ መቅረት ያስጠይቃልና ቲጃኒም ይመጣል። ግን ከጥላው ውጭ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ጥላው ወደ እሱ በተጠጋ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ከጅማ ለዕረፍት ስመጣ እንደዚያ ቆሞ አየውና፣ መንግሥት ከአንድ ሰው ላይ ምን መውሰድ እንደሚችል፣ ምን እንደማይችል አስብ ነበር። መሬቱን ወስዷል። አባ መጫ የተናገሩትን ቃል ግን የሚወርስ አዋጅ አልወጣም።

ደርግ ሊወድቅ ሰሞን ቲጃኒ ሳንባውን ታሞ ተኛ። ጀማለዲን በየቀኑ ወተት ይዞለት ይመጣል። አንድ ቀን ዘይቡ፣ ጣሰውና እኔ ተቀምጠን ሳለ ቲጃኒ ወንድሙን ጠራው።

"ጀማል፣ አባባ ያን ቀን ደክሟቸው ነበር።"

"ደክሟቸው ነበር።"

"የእኔን ስም ሊጠሩ ነው ያንተን የጠሩት። እንደዚያ በለኝ።"

ጀማለዲን የወተቱን ኩባያ እጁ ላይ አዙሮ አዙሮ አየው። "ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ዛፉን ቁረጥ ካልከኝ አሁን መጥረቢያ አመጣለሁ።"

"ዛፉን ምን ላርገው? አንዴ ብቻ በለኝ።"

"በሙት አባቴ አልዋሽም፣ ወላሂ።"

ቲጃኒ ወደ ዘይቡ ዞረ፤ እሷ በዚያን ቀን አልነበርኩም አለችው። ወደ ጣሰው ዞረ፤ ጣሰው ያን ቀን ቀልድ አጣ። ማናችንም እሺ አላልነውም። የመጨረሻው እኔ ነበርኩ።

"አንተ እንኳ የተማርክ ነህ" አለኝ። "ጋዲሳ ማለት ሌላ ነገር ነው በለኝ።"