በመብራት ክፍሉ የዘፈነችው ሂልትሩድ

ሂልትሩድ ካችማሬክ ዕድሜዋን ሙሉ በኦፔራ ቤቱ መዘምራን መሐል ስትዘፍን ኖራለች። ድምፅዋን ለብቻው የሰማ ሰው የለም፤ ባሏም ቢሆን። ዩፕ ከሰል ቆፋሪ ነበር፤ ሌሊት ጉድጓድ ወርዶ ቀን ይተኛል። በዚያ ቤት ቀን ላይ መዝፈን ይቅርና ማንኪያ ሲወድቅ ሰፈሩ በሙሉ ትንፋሹን ይውጥ ነበር። ማታ እሷ ስትዘፍን ደግሞ እሱ ከምድር በታች ነው። እንዲሁ ሲተላለፉ አረጁ።

ጉድጓዱ ተዘጋ። ከተማው ከሰሉ ሲያልቅበት ጥበብ ማምረት ጀመረ፤ ዛሬ በጀርመን፣ በሩር አገር፣ ትርኢት የማይታይበት አሮጌ ፋብሪካ ከተገኘ አይጦቹ ለመዝፈን ሰንፈው ነው። ቫለንቲን የሚባል ወጣት አዘጋጅም የቆፋሪዎቹን መታጠቢያ ቤት ያዘና መድረክም ወንበርም የሌለው ሙዚቃዊ ቴአትር ሠራበት። ተመልካቹ እንዳሻው ይዞራል። ዘፋኞቹ በየክፍሉ ተበትነዋል፤ አንዱ የውኃ ቧንቧ ይነፋል፣ አንዷ የሳሙና ማስቀመጫ በቫዮሊን ቀስት ትገዘግዛለች። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ ትልቁ አዳራሽ ወጥተው በአንድነት ይዘምራሉ።

ለሂልትሩድ የደረሳት ቆፋሪዎች ፋኖስ ይረከቡበት የነበረው የመብራት ክፍል ነው፤ ከሁሉም የራቀው ጥግ። ግን ዘፈኑ የብቻዋ ነው። ሕጉም አጭር ነው፤ ሰው ገባም አልገባ መዝፈን፣ ከክፍል አለመውጣት። ለተመልካቹም ሁለት ነገር ተከልክሏል፤ ማጨብጨብና ተዋናይ መንካት።

ሰው ግን አልገባም። አንድ ሰውዬ ብቅ ብሎ መጸዳጃ ቤቱን ጠየቃት፤ እየዘፈነች በቅንድቧ አሳየችው።

በመጨረሻው እሁድ ዩፕ እመጣለሁ አለ። ሳንባውን የከሰል አቧራ ከበላው ቆይቷል፤ የኦክስጅን ሲሊንደሩን በትንሽ ጋሪ እየጎተተ ነው የሚሄደው።

"ቀጥ ብለህ ወደ እኔ ና፤ ከማንም ጋር ወሬ እንዳትይዝ" አለችው።

"ስለዛ ቤት ለኔ ትነግሪኛለሽ? ቂጤን ስታጠብበት የኖርኩት ቤት።"

"እሺ፣ አዋቂው።"

"ድምፅሽ ባያምርስ ምን ልበል?"

"ዝም ትላለህ። ማጨብጨብም ክልክል ነው።"

"ይሄማ ለኔ የተሠራ ቴአትር ነው።"

መዝፈን እንደ ጀመረች ከአዳራሹ የሰንሰለት ድምፅ ሰማች። ድሮ ቆፋሪዎች ልብሳቸውን በመንጠቆ ሰቅለው በሰንሰለት ወደ ጣሪያ ይስቡት ነበር። ከዚያ ሳል ተከተለ። ያንን ሳል ከሺህ ሳል መሐል ትለየዋለች። መጣ ብላ፣ ሙሉውን እንዲሰማላት፣ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረች። ሳሉ ካለበት አልነቃነቅ አለ። እንደገና ጀመረች። ሳሉ እያጠረ ሄደ።

ሕጉን ጥላ ወጣች።

ሕንፃው ውስጥ ያለ ተመልካች ሁሉ በአዳራሹ ተሰብስቧል። ዩፕ ትንፋሽ ሲያጥረው ድሮ የራሱ ከነበረው ሰንሰለት ሥር ቆሞ፣ እጁ እንደለመደው ኮቱን ሰቅሎ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ጋሪው ሸርተት ብሎ ርቆ፣ የአየር ቱቦው ከአፍንጫው ወልቋል። እጁን ወደ ሲሊንደሩ ይዘረጋል። ሕዝቡ የትርኢቱ ክፍል መስሎት በአክብሮት ያያል፤ አንዲት ሴትም እንባዋን ትጠርጋለች።

"ሲሊንደሩን አቀብሉኝ" አለች ሂልትሩድ። ማንም አልተነቃነቀም፤ እሷም ተዋናይ ናትና። ራሷ አምጥታ ቱቦውን አፍንጫው ውስጥ ሰካችለት።

"ኮቴን ሰቅዬ... ልመጣ ነበር" አለ።

"ዝም በል፤ ተንፍስ።"

"ዝፈኚልኝ በቃ።"

አፏን ከመክፈቷ ሰዓቱ ደረሰና ዘፋኞቹ ከየክፍላቸው እየዘመሩ ጎረፉ፤ አዳራሹ በድምፅ ተሞላ። ሂልትሩድ ጆሮው ሥር ተጠግታ ዘፈነች። እሱ ከንፈሯን እያየ አንገቱን አዘመመ።

"የቱ ነው ያንቺ?" አለ።

እጁን ይዛ አንገቷ ላይ፣ ድምፁ የሚንቀጠቀጥበት ቦታ አስቀመጠችው። መዝሙሩ ሳያልቅ ትንፋሹ ቆመ፤ እጁ ከበዳት።

ማንም አላጨበጨበም። አንዳንዱ ለሷ እጅ እየነሳ በዝግታ ወጣ። እሷ የጀመረችውን ዘፈን፣ ብቻዋን፣ እስከ መጨረሻው ዘፈነችለት። ኮቱ ከጣሪያው ሥር እንደተሰቀለ ነበር።