በጣት የሚነበብ ፊደል

የጋለ አቧራ ሽታ ታውቃለህ? ለዓመታት ጠፍቶ የቆየ ኮምፒውተር ሲበራ በማራገቢያው በኩል የሚወጣው፣ የተቃጠለ ፀጉርና የአሮጌ ወረቀት ድብልቅ የሚመስለው። ባለፈው ሳምንት ያ ሽታ ቤቴን ሞላው። እንደ ብስኩት የገረጣውን ሳጥን ያመጣችልኝ የሟቿ የእህት ልጅ ናት። «አክስቴ ለእርስዎ ይሰጥ ብላ ነበር» አለችና አንድ ክላሰር አብራ አስቀምጣ ሄደች። እኔም ክላሰሩን ትቼ ሳጥኑን ሰካሁት።

ሟቿ ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ከእኛ ቤት በላይ ዳገቱ ላይ ይኖሩ ነበር። እትዬ እላቸው ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጸሐፊ ሆነው ሲተይቡ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ መሥሪያ ቤታቸው ያስወገደውን ኮምፒውተር ገዝተው ወደ ቤት አመጡ። ባላቸው ቀያሽ ነበሩ፤ የየካን ኮረብታ በሜትር የለኩ ሰው። በስተርጅና ዓይናቸው ጠፋ። ያኔ እሳቸው እየተናገሩ ሚስት እየተየቡ፣ የትኛው ምንጭ በየትኛው ሰፈር ሥር እንደተቀበረ፣ ማን የማንን ድንበር እንደገፋ፣ ሁሉንም ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተቱት። ከዚያ ባልየው ሞቱ።

እኔ በዚያ ሰሞን የሦስት ወር የኮምፒውተር ኮርስ ጨርሼ ነበር። እንደዚያን ጊዜ አዋቂ ሆኜ አላውቅም። ኮምፒውተሩ ምንም አልሆነም፤ እንደ ማንኛውም ጡረተኛ አልፎ አልፎ ፈዞ ይቀራል እንጂ። እኔ ግን አላስቀምጥ አልኳቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ሲስተም እኮ ጊዜው አልፎበታል። ፎርማት አድርጌ፣ ያለውን ጠርጌ፣ አዲሱን ልጫንልዎት።»

«የጋሼ ጽሑፍስ?»

«አንዲት ፊደል አትጠፋም።»

ጽሑፉን ወደ ፍሎፒ ዲስክ ገለበጥኩ፤ እሳቸው በእያንዳንዱ ላይ በቀጭን እጅ ጽሕፈታቸው ቁጥር ጻፉበት። ከኮርስ ጓደኛዬ ራም የሚሉትን የኮምፒውተር ሜሞሪ ተዋስኩ። አሮጌው ሳጥን አዲሱን ሲስተም ለመዋጥ ሦስት ቀን አቃሰተ። ከተጫነም በኋላ፣ እሱ ተነሥቶ እስኪጨርስ ሰው ከሰፈራችን ወጥቶ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረትን ተሳልሞ ይመለሳል። ቢሆንም ሠራ። ያጨበጨብኩት እኔው ብቻ ነበርኩ።

የመጀመሪያውን ፍሎፒ ስከፍት ገጹ በሙሉ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ቅንፍና የዶላር ምልክት ሆነ። እትዬ መነጽራቸውን አስተካክለው ቀረቡ።

«ይሄ የማን ቋንቋ ነው፣ ኢንጂነር?»

በዚያ ዘመን ኮምፒውተር አማርኛ የሚያሳየው ፎንት ለብቻው ሲጫንለት ነበር። ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ነው፤ ፎንቱ የአማርኛ ልብስ ያለብሰዋል። እኔ ፎርማት ሳደርግ ሰውየውን አውጥቼ ልብሱን ከቤቱ ጋር አቃጥያለሁ። ፎንቱን የጫነላቸው ቴክኒሻን የት እንደገባ የሚያውቅ አልተገኘም። ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ ጽሕፈት የሚሠሩ ሱቆችን ዞርኩ፤ ሁሉም የየራሱ ፎንት ነበረው፤ በአንዱ «ሰ» የሆነው በሌላው «ጨ» ነው። የሟቹ ቃል ተቆልፎ ቀረ፤ የቆለፍኩትም እኔ ነኝ።

ይህንኑ ልነግራቸው ሄጄ ደጃፉ ላይ ተገተርኩ።

«ግባ እንጂ! ለቅሶ የመጣህ አስመሰልከው እኮ።»

ኪቦርዱን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «በል ፊደሎቹን አንድ በአንድ ጥራልኝ።»

«ትልቁ ኬ» አልኩ ከስክሪኑ ላይ።

ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መ» አሉ። «በዓይኔ አላውቀውም። ጣቴ ነው የሚያውቀው። ቀጥል።»

ክረምቱን ሙሉ ከሰዓት በኋላ እንዲህ ሆንን። እኔ እጠራለሁ፣ ጣታቸው ይሄዳል፣ አፋቸው ይከተላል፣ እኔ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እጮኻለሁ። ቤቱ እርጥብ ባሕር ዛፍና የጦስኝ ሻይ ይሸታል። ስሳሳት «ኧረ እባክህ፣ ጋሼ በሕልማቸውም እንዲህ ያለ አማርኛ አይወጣቸውም!» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አንድ ቀን ጣታቸው ረጅም መንገድ ሄዶ አፋቸው ሳይከተል ቀረ።

«ምን ይላል እትዬ?»

«እሱን እለፈው።»

ባዶ መስመር ትቼ አለፍኩ። በየጥቂት ገጹ እንዲሁ ሆነ። አልጠየቅኩም፤ የባልና ሚስት ነገር ነው አልኩ።

ሲመሽ ብርሃኑ ከመስኮቱ ሸሽቶ ወደ ኮረብታው ይወጣል። ዛሬ እዚያ ላይ ፓርክ አለ፤ ሰው ንጹሕ አየር ለመተንፈስ በመኪና ጭስ እየተግተለተለ ይወጣል። ያኔ ግን ዛፍና ጭጋግ ብቻ ነበር። እትዬ ኪቦርዱን ከጭናቸው አንሥተው «ለዛሬ ይበቃናል» ይላሉ። እኔም «ቀጠሮ አለኝ» ብዬ እነሣለሁ። ቀጠሮ አልነበረኝም። የሻይ ትሪው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ስኒ ይቀመጥ ነበር፤ አንደኛው ለሟች ባላቸው መታሰቢያ ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ያነበብኳቸው መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ነገር እንድደመድም አሠልጥነውኛል።

መስከረም ሲጠባ ጨረስን። ሥራ አገኘሁና ሰፈር ለቀቅኩ። በየበዓሉ እደውል ነበር፤ ኋላ እሱም ተረሳ። በመጨረሻው ስልክ «ኢንጂነር፣ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለኝ እኮ። መጥተህ አታየውም?» አሉኝ። «እመጣለሁ» አልኩ።

ባለፈው ሳምንት ሳጥኑ ያለ ምንም ችግር ተነሣ። እንደ ልማዱ ቆይቶ ነው፤ ግን ተነሣ።

እስኪነሣ ስጠብቅ ክላሰሩን ከፈትኩት። የቀያሹ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ፣ በዚያ በጠፋው ፎንት፣ በአማርኛ ታትሞ ነበር። በየገጹ ግርጌ በፊርማ ፋንታ የዓይነ ስውሩ ሰውዬ የጣት አሻራ አለበት። እሳቸው በሕይወት ሳሉ፣ እኔ ያን ቤት ሳልረግጥ የታተመ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ጸሐፊ የነበረች ሴት ቅጂ ሳትይዝ ትቀራለች ብዬ እንዴት አመንኩ?

ባዶ የተውኳቸውን መስመሮች ፈለግኩ። ጥሩ ጸሐፊ የሰማችውን ሁሉ ነው የምትተይበው፤ የየቀኑ ሥራ ባበቃበት ቦታ ባልየው ያሉትም ሳይቀር ሰፍሯል። በየጥቂት ገጹ ያው ነው።

«ለዛሬ ይበቃናል። አሁን ነይ፣ አጠገቤ ተቀመጪና ሻይ እንጠጣ።»

ያን ክረምት ሙሉ ግማሹን ብቻ እየሰማሁ፣ ሁለተኛውን ስኒ ሳልነካ ተነሥቼ ሄድኩ።