ከበር ቀለም በታች የነበረው ጊታር

የባለቤቴ አባት ደብረ ኤልያስ ባለው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ጊታር ሰቅለው ኖረዋል። ሰማያዊነቱ የፋብሪካ አልነበረም፤ የበራቸው ቀለም ነው። በጎልማሳነታቸው የኪነት ቡድን ጊታር መቺ ነበሩ። ቡድኑ ሲበተን ጊታሩ እሳቸው ዘንድ ቀረ። በኋላ ገጹ እንደ ደረቀ ጭቃ መሰነጣጠቅ ሲጀምር ነቀዝ የገባበት መስሏቸው፣ ከበር የተረፈውን ቀለም በብሩሽ ደራርበው ቀቡት።

እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እየጠገንኩ የምኖር፣ በሠርግ ወራት ደግሞ ጊታር የምመታ ሰው ነኝ። የድሮ ጊታሮችን ፎቶ በስልኬ ሳይ ብውል አይሰለቸኝም። ባለቤቴ «የኛ አገር ሰው በሬ በቀንዱና በመልኩ ይለያል፤ የኔው ባል ጊታር» እያለች ትስቅብኛለች። እውነቷን ነው። ጊታርም ቀንድ አለው፤ ከአንገቱ ግራና ቀኝ የሚወጡት ሁለቱ ጫፎች የት እንደተሠራ ብዙ ይናገራሉ።

የአማቶቼ ክርክር ግን ስለ ቀለሙ ነበር። አባትዬው ጊታሩ ሳይቀባ በፊት ደም የመሰለ ቀይ ነበር ይላሉ። እናትዬዋ ማር ነው የሚመስለው ባይ ናቸው፤ ልጃገረድ ሳሉ መድረኩ ሥር ቆመው አይተውታልና። በዓል በመጣ ቁጥር ይኸው ወሬ ይነሳል፤ አንዳቸውም ተረትተው አያውቁም።

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ በአንድ እሑድ፣ ካቻቢቴዬን በኪሴ ይዤ ከባለቤቴ ጋር ልንጠይቃቸው ሄድን። አባትዬው አማቴ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ጊታሩን አውርደው ጭኔ ላይ አኖሩልኝና ዓይነቱን እንድነግራቸው ጠየቁኝ። በኪነት ቡድኑ ሲሰጣቸው የአሜሪካ ሥራ ነው ተብለው እንደነበርም ነገሩኝ።

ሳገላብጠው ተጠራጠርኩ። ቀንዶቹ ሹል ናቸው። ከክሮቹ ሥር ድምፅ የሚቀበሉ አራት ማግኔቶች ተደርድረዋል፤ ለእያንዳንዱም የራሱ ማብሪያና ማጥፊያ አለው። እንዲህ ያለ ድርድር በብዛት ያየሁት በጥንት የጃፓን ጊታሮች ላይ ነው። ከጀርባው፣ አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ቦታ፣ ትንሽ ብረት ተመትታለች። ቀለሙን በጥፍሬ ስፍቅላት ጽሑፍ ብቅ አለ፤ በጃፓን የተሠራ ይላል።

እንዴት እንደምነግራቸው ጨነቀኝ። ስነግራቸው ብረቷን በአውራ ጣታቸው ዳበሷት።

«እኔም አሜሪካ ነው ብዬ መታሁ፣ ሰዉም አሜሪካ ነው ብሎ ጨፈረ» አሉና ሳቁ። «ታዲያ ምን ጎደለ?»

የቀረው ቀለሙ ነው። ከፊቱ ያለው ነጭ ፕላስቲክ ሰፊ ነው፤ ከመሐል ተነስቶ እስከ ጠርዙ ይደርሳል። አማቴ ሲቀቡ ፕላስቲኩን አልፈታቱትም፤ ዙሪያውን ብቻ ነው የቀቡት። እንግዲህ ከሥሩ ያለው ገጽ አልተነካም ማለት ነው። የፕላስቲኩን ብሎኖች በካቻቢቴዬ ስፈታ ሁለቱም አማቶቼ በግራና በቀኜ መጥተው አጎነበሱ።

ፕላስቲኩን አነሳሁት። መሐሉ ወርቃማ ማር ነው። ወደ ዳር ሲሄድ እየቀላ ይሄድና ጠርዙ ላይ ደም ይመስላል። በፎቶ እንጂ በእጄ ይዤው የማላውቀው ቀለም ነበር። መሰነጣጠቁም የነቀዝ ሥራ አይደለም። የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ሲፈራረቁበት የቆየ ቫርኒሽ እንዲያ ይሆናል፤ እንጨቱ ጤነኛ ነው።

አማቴ ጠርዙን በጣታቸው እያሳዩ ቀይ መሆኑን አስመሰከሩኝ። ባለቤታቸው ግን ነገሩ ገብቷቸዋል።

«አንቱማ ጊታሩን ታቅፈው ከላይ ቁልቁል ነው የሚያዩት» አሏቸው። «የሚታይዎት ጠርዙ ነው። ፊቱን የማየው እኔ ነበርኩ።»

አማቴ ሁለታችንም ልክ ነን ብለው ለመታረቅ ቢሞክሩ፣ እናትዬዋ ማር የመሰለው መሐሉ ከጠርዙ እንደሚሰፋ አስታውሰዋቸው ሽምብራ ቆሎውን ሊያቀርቡ ተነሱ።

ጊታሩን ወደ ደብረ ማርቆስ ወሰድኩት። የቀለም ማስለቀቂያ ብጠቀም የጥንቱንም ቫርኒሽ ይዞት ይሄድ ነበርና፣ ሰማያዊውን በደነዘ ምላጭ ቀስ እያልኩ ፋቅሁት። ክረምቱ አለቀብኝ። የተበጠሱትን ሽቦዎች በይጄ፣ አዲስ ክር አስገብቼ አማቴን ጠራኋቸው። ሱቄ ውስጥ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ተቀምጠው ሞከሩት። ጣታቸው ደንዝዞ መጀመሪያ ዜማው ተንጋደደ፤ ቆይቶ ሲቃናላቸው በር ላይ የቆሙት የባጃጅ ሹፌሮች ትከሻቸውን መነቅነቅ ጀመሩ።

ዘንድሮ እኔና የሙዚቃ ጓደኞቼ ሮብ ገበያ ከተማ ለሠርግ ስንጠራ እሳቸውም አብረውን ወጡ። የጮቄ ተራራ ብርድ ክሩን ከቅኝቱ እያወጣባቸው ደጋግመው ቃኙት። ጋቢያቸውን ደርበው፣ እግራቸውን አነባብረው ሲመቱ ሙሽራው ራሱ እስክስታ ወረደላቸው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ጊታሩን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ገና ከከተማው ሳንወጣ እንቅልፍ ወሰዳቸው።