የግራናዋ ልጅ ፎቶ

ባለቤቴና እኔ ወሎ ውስጥ መርሳ ከተማ ላይ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ፎቶ ቤት ነበረን። ደርግ ከወደቀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የጀመርነው ሥራ ነው። እሱ ያነሳል። ፊልሙ ደሴ ሄዶ ታጥቦ ሲመጣ እኔ ነጋቲቩን እየቆረጥኩ ፖስታ ውስጥ እከታለሁ፤ በፖስታው ላይ የባለፎቶውን ስምና አገሩን ጽፌ በጫማ ካርቶን እደረድራለሁ። ሰው ፎቶው እስኪደርስ ሳምንት ይጠብቅ ነበር፤ አያማርርም።

ሚሌኒየሙ ከተከበረ በኋላ የባለቤቴ ካሜራ መዝጊያው እየተጣበቀ አልከፈት ይል ጀመር። ሊያስጠግነው አዲስ አበባ ይዞት ሄደ። ካሜራ የሚያስመጡት ሰውዬ አገላብጠው አዩና፣ «የኔ ወንድም፣ ፋብሪካው ራሱ የፊልሙን መሥራት ትቷል። መለዋወጫም ከእንግዲህ አይመጣም። አሁን የሚሠራው ዲጂታል ነው። ስሙም ቅርጹም ያው ነው፣ ሌንስህም ይገጥምለታል» አሉት። ያለንን ሁሉ አሟጠን እሱኑ ገዛን።

ሌንሱ እውነትም ገጠመ። ባለቤቴ ግን አልገጠመም። ባነሳ ቁጥር አውራ ጣቱ ፊልም ማዞሪያውን ይፈልጋል፤ የለም። ደንበኞች «እስቲ አሳየን» ሲሉት ግራ ይገባዋል፤ አሥራ አምስት ዓመት ሊጠጋ ማንም ሳይታጠብ ልይ ብሎት አያውቅም። እኔ ወልድያ እየተመላለስኩ ኮምፒውተር ተማርኩ። ስጨርስ ፎቶ አንሺዋ እኔ ሆንኩ። እሱ ወንበሩን አውጥቶ በር ላይ ይቀመጥ ጀመር።

አንድ ቀን ከዚያው ሆኖ፣ «ያነሳሽውን የት ነው የምታስቀምጪው?» አለኝ።

«ኮምፒውተሩ ውስጥ።»

«እሱ ቢበላሽስ? ሌላም ቦታ ገልብጪው እንጂ።»

«አይጥ የሚበላው ያንተን ካርቶን ነው» ብዬ ሳቅሁበት። ወልድያ ያስተማረንም ልጅ በሲዲ ገልብጡ ብሎን ነበር። ሲዲዎቹን ገዝቻለሁ፤ ላስቲካቸው ግን አልተቀደደም። ነገ እያልኩ ነበር።

በዚያ ሰሞን ከግራናም ከሐራም ዐረብ አገር የሚሄዱ ልጃገረዶች ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ሊነሱ ይጎርፉ ነበር። ሻሻቸውን ወደ ኋላ ሸሸት እንዲያደርጉ ስነግራቸው እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ። ፎቶውን ተቀብለው ወደ ደላላ ይሮጣሉ። አንዷንም «አንድ ለእናትሽ ተይላት» ብያት አላውቅም።

ክረምት ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ መብራት ሄዶ በኃይል ተመለሰ። አምፖሉ ፈነዳ፤ ኮምፒውተሩ ጭስ ጭስ ሸተተ። ወልድያ ወስጄ ለጠጋኝ አሳየሁት። «ዲስኩ ተቃጥሏል፣ ውስጡ ያለው አይመለስም» አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያነሳሁት ሰው ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ለባለቤቴ ስነግረው ወንበሩን ይዞ ወደ በሩ ወጣ። ምነው በተቆጣኝ እያልኩ ከረምኩ።

መስከረም አልፎ አንዲት ጥቁር ሻሽ ያሰሩ እናት ገቡ። ከግራና ነው የመጡት።

«አሰላሙ አለይኩም። ፎቶ የምታነሽው አንቺ ነሽ ልጄ?»

«አዎ እማማ፣ ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። «ልጄ ያኔ ስትሄድ እዚህ ነው የተነሳችው። ዐረብ አገር አላህ ወሰዳት። ሬሳዋንም አላመጡልን፣ እዚያው ቀበሯት። አብረዋት የነበሩትን ፎቶዋን ላኩልኝ ብላቸው ስልኳ ውስጥ ነው አሉኝ፤ ስልኳም የለም። አንዲት ፎቶ ስጪኝ፣ ሌላ ነገር አልፈልግም።»

ስሟንና የተነሳችበትን ጊዜ ነገሩኝ። ከተቃጠለው ውስጥ ነች። መልኳ ትዝ ይለኝ እንደሆን አሰብኩ፤ ከብዙዎቹ መሃል ልለያት አልቻልኩም።

«እማማ፣ ጠፍቷል» አልኳቸው።

«ምኑ ነው የሚጠፋ? አንስተሻት የለም?»

«አንስቻት ነበር። መሣሪያው ተቃጠለብኝ።»

ትክ ብለው አዩኝ። «እጅሽ ላይ ነበረች ማለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

ባለቤቴ ከበር ላይ ተነስቶ ገባ። «እማማ፣ ልጅዎ ከዚያ በፊት እዚህ ተነስታ ታውቃለች?» ብሎ ጠየቃቸው። አሰቡ፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና የጨረሱ ቀን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር መነሳቷን አስታወሱ። «በሳምንቱ ይመለሱ» አላቸው።

ካርቶኖቹን ከጓዳ አወጣ። ጣሪያው አፍስሶባቸው ኖሯል። ብዙው ነጋቲቭ እርስ በርሱ ተጣብቋል፤ ሲያላቅቀው ፊቱ ይላጣል። አይጥ ብዬ የቀለድኩበትን ካርቶን እኔም አብሬው ተንበርክኬ ስፈትሽ ቆየሁ። በአራተኛው ቀን የአራት ልጃገረዶች ነጋቲቭ ተገኘ፤ ዳር ዳሩ ረጥቧል፣ መሃሉ ደህና ነው። ደሴ ደወልን፤ ፊልም ያጥብልን የነበረው ቤት ማጠብም ማተምም ትቷል። እሱ ነጋቲቩን መስኮቱ ላይ ወጥሮ ያዘ፣ እኔ በዲጂታሉ አነሳሁት፣ ከዘመድ በተዋስኩት ኮምፒውተር ጥቁሩን ወደ ነጭ ገለበጥኩት። አብረን ካሜራ ከነካን ረጅም ጊዜ ሆኖን ነበር።

እናቲቱ መጡ። የትኛዋ እንደሆነች ሳልጠይቃቸው ጣታቸውን አሳረፉባት፤ ከግራ ሁለተኛዋን። እሷን ለይቼ አጉልቼ አተምኩላቸው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ደብዘዝ ብላለች፣ የጓደኛዋ እጅ ትከሻዋ ላይ ቀርቷል።

ብዙ አዩዋት። ከዚያ፣ «ይቺ ሕፃኗ ናት። እኔ የሸኘኋት ትልቋን ነው» አሉ። ኮምፒውተሩን እያዩ፣ «ይኸ ዕቃሽ ሊያሳድጋት አይችልም?»

«አይችልም እማማ።»

«እንግዲያ ምን ይሠራል?» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም፤ መልስ የሚጠብቁ ነበር የሚመስሉት። ፎቶውን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው የግራና መኪና ሊይዙ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ያነሳሁትን ሁሉ በሲዲ እገለብጥ ጀመርኩ፣ ለሚሄዱትም ልጆች አንድ አንድ ለቤታቸው ጨምሬ አትማለሁ። አንዳንዷ ረስታው ትሄዳለች። ባለቤቴ ከካርቶኖቹ የተረፈውን ሊያላቅቅ ሞክሮ ነበር፤ ዓይኑም እምቢ አለው፣ ነጋቲቩም እምቢ አለው፤ ተወው።

በኢድ ማግስት እናቲቱ ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ። በር ላይ ለተቀመጠው ለባለቤቴ ሰጡት፣ እጁን ይዘው መረቁት። እኔ ውስጥ ቆሜ እያየኋቸው ነው፤ እሳቸውም አይተውኛል። ሳይገቡ ሄዱ።

ባለቤቴ ፌስታሉን ይዞ ገብቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። «ላንቺም ነው እኮ» አለኝ።

«አይደለም» አልኩት።